የመንግሥት ግዢ ለባላገሩ እንዴት እንደሚጠቅም፤ ከሞላሌ በግ አርቢዎች የሚገኝ ትምህርት

መንግሥት ከሕዝብ የሰበሰበው ገንዘብ በሁለት መንገድ ወደ ሕዝብ ይመለሳል። አንደኛው መንገድ የታወቀው ነው፤ ይኸውም ትምህርት ቤት፣ ሐኪም ቤት፣ መንገድና ድልድይ ማሠራት ነው። ሁለተኛው ግን ብዙ ጊዜ ሳይታሰብ ይቀራል፤ ይኸውም ለእነዚሁ ሥራዎች የሚያስፈልገውን ዕቃ፣ እህልና ከብት ከማን፣ መቼና በምን ዐይነት ውል መግዛት እንደሚገባ አስቀድሞ ማሰብ ነው። ለሐኪም ቤት ብርድ ልብስ ቢገዛ በሽተኛው ይሞቀዋል። ያው ልብስ ከአገሩ ሸማኔ ቢገዛ ግን በሽተኛውም ይሞቀዋል፤ ሸማኔውም እንጀራውን ያገኛል፤ ጠጕሩን የፈተለችውም ሴት ለልጇ የትምህርት መሣሪያ ትገዛለች።

በቀድሞው ዘመን ሠራዊቱ በባላገር ቤት እየተመራ ሲበላ ሲጠጣ ይኖር ነበርና ባላገሩ በዚህ እጅግ ይጐዳ ነበር። ከክፉ ቀን በኋላ፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1892፣ ዐፄ ምኒልክ አስራት እንዲከፈልና ወታደሩ ከመንግሥት ጎተራ ድርጎውን እንዲቀበል ማዘዛቸው ይህን ጉዳት ለመቀነስ ነበር። ዛሬ መንግሥት የሚያስፈልገውን በገንዘብ ይገዛል። እንግዲህ ቀድሞ ለባላገሩ ሸክም የነበረው የመንግሥት ፍላጎት፣ ሥርዐት ከተያዘለት፣ ዛሬ ለባላገሩ ገበያ ሊሆንለት ይችላል።

ይህ ነገር በመንዝ ደጋ በግልጥ ይታያል። ሞላሌ የመንዝ ማማ ምድር ወረዳ ከተማ ናት፤ ከፍታዋም ከባሕር ወለል በላይ ወደ 3000 ሜትር ይጠጋል። አገሩ ብርድና ውርጭ የሚበዛበት ስለ ሆነ ከእህል ሁሉ ገብስ ይቀናዋል። የበልጉ ዝናብ ሲቀር ወይም ውርጭ አዝመራውን ሲመታው፣ ባላገሩን ከችግር የሚያወጣው በጉ ነው። የመንዝ በግ ቁመቱ አጭር፣ ጠጕሩም ሻካራ ነው፤ ነገር ግን ብርድንና የመኖ እጥረትን ይችላል። ከጠጕሩም ባና፣ ዝተትና በርኖስ ይሠራል።

ይህን በግ ለማሻሻል አስቀድሞ እንደ ኮሪዴልና እንደ አዋሲ ባሉ ከውጭ በመጡ ዘሮች ማዳቀል ተሞክሮ ነበር፤ ጥቅሙ ግን ወደ ብዙው ባላገር አልደረሰም። ስለዚህም በ2001 ዓ.ም. ገደማ የኢትዮጵያ የእርሻ ምርምር ሰዎች ኢካርዳና ኢልሪ ከሚባሉት ዓለም አቀፍ የምርምር ተቋሞች ጋር ሆነው፣ በሞላሌና በመሐል ሜዳ አካባቢ በራሳቸው በአርቢዎቹ መንጋ ውስጥ ዘር የመምረጥ ሥራ ጀመሩ። አሠራሩም እንዲህ ነው። ጠቦቱ ሲወለድ እናቱና አባቱ ይመዘገባሉ፤ ስድስት ወር ሲሞላው ይመዘናል። በክብደቱ ከበለጡት መካከል አርቢዎቹ የመረጧቸው ሰዎች መልኩን፣ ጅራቱን፣ ቀንዱንና ቁመናውን አይተው አውራ የሚሆነውን ይለያሉ። የተመረጠውም አውራ በቡድን ለተደራጁ አርቢዎች መንጋ ያገለግላል፤ ከገዛ ልጆቹ ጋር እንዳይገናኝም ጊዜው ሲደርስ ወደ ሌላ ቡድን ይዛወራል።

እንዲህ ያሉ ማኅበራት ለራሳቸው መንጋ ከሚበቃቸው በላይ ያፈሯቸውን ምርጥ አውራዎች ይሸጣሉ፤ ከሚገዟቸውም መካከል የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ይገኛሉ። ጥቅሙም ጉዳቱም የሚወሰነው እዚህ ላይ ነው። ገዢው ርካሽ ፈልጎ ከገበያ ያልተመረጠ በግ ሰብስቦ «ምርጥ ዘር» ብሎ ቢያድል የመንግሥት ገንዘብ ይባክናል፤ መዝገብ የያዘውና የመዘነው አርቢም የድካሙን ዋጋ ሲያጣ ሥራውን ይተወዋል። በሌላ ወገን ደግሞ ገዢው በጥሩ ዋጋ ጐትቶ የመጀመሪያዎቹን አውራዎች ሁሉ ቢወስድ የመንጋው ዘር ይደክማል። ስለዚህ ማኅበሩ ለራሱ መንጋ የሚሆነውን አስቀርቶ የተረፈውን፣ ከመዝገቡ ጋር፣ መግዛት ይገባል።

ከዚህ የሚወጣው ትምህርት ለበግ ብቻ ሳይሆን ለማናቸውም ግዢ ይሆናል። እርሱም በአራት ይከፈላል።

አንደኛ፤ ጊዜን መጠበቅ ነው። የመንግሥት በጀት ሐምሌ 1 ቀን ይጀምራል፤ ሰኔ 30 ቀን ይፈጸማል። ብዙ ሹም ግን ገንዘቡን ይዞ ቆይቶ በሰኔ ይጣደፋል። በሰኔ የመኸሩ ገብስ ከባላገሩ ጎተራ ወጥቶ በነጋዴ እጅ ገብቷል፤ ዋጋውም ወጥቷል። ያው ገብስ በኅዳርና በታኅሣሥ፣ ከዐውድማ ሳይርቅ ቢገዛ ግን መንግሥት በደኅና ዋጋ ያገኛል፤ ባላገሩም ለዕዳው ሲል በርካሽ ከመሸጥ ይድናል። ዮሴፍ በግብፅ አገር እህል ያከማቸው በጥጋቡ ዘመን እንጂ በረኃቡ ዘመን አልነበረም።

ሁለተኛ፤ ብዛቱን መመጠን ነው። ለምሳሌ አንድ መሥሪያ ቤት 300 ባና ፈልጎ ሁሉንም ከአንድ ሻጭ በአንድ ወር ቢጠይቅ ሸማኔው ከጨረታው ይወጣል። በዚያው በአንዱ ጨረታ ውስጥ ግን በ30 በ30 መድቦ፣ እያንዳንዱ የሚችለውን ያህል እንዲወዳደር ቢፈቅድ፣ ብዙ ሸማኔዎች ይገቡበታል። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፤ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የተባለው ለዚህ ነው። ነገር ግን ከጨረታ ለማምለጥ ብሎ ግዢን መቈራረጥ በሕግ የተከለከለ ስለ ሆነ፣ ይህንና ያንን መለየት ያስፈልጋል።

ሦስተኛ፤ የዕቃውን መግለጫ በግልጥ መጻፍ ነው። «ጥሩ ብርድ ልብስ» ማለት መግለጫ አይደለም። ርዝመቱን፣ ወርዱን፣ ክብደቱንና የጠጕሩን ዐይነት መናገር ይገባል። የአንድን ፋብሪካ ስም ብቻ ጠርቶ መግለጫ ማውጣት ደግሞ የአገሩን ሠራተኛ ሳይሰማ መፍረድ ነው።

አራተኛ፤ ዋጋውን ቶሎ መክፈል ነው። ታላቁ ነጋዴ ገንዘቡ ወራት ቢዘገይበት ይታገሣል፤ ጠጕር በዱቤ የገዛ ሸማኔ ግን በሁለተኛው ጨረታ አይገኝም። የሠራተኛው ዋጋ በአሠሪው እጅ እንዳያድር በኦሪት የታዘዘውም ስለዚህ ነው።

ሕጉም ለዚህ በር ከፍቷል። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል መንግሥት ግዢና ንብረት አስተዳደር ዐዋጅ ቁጥር 649 እና እርሱን ተከትሎ የወጣው መመሪያ በአገር ውስጥ ለተሠራ መድኃኒት 25 በመቶ፣ ለሌላ ዕቃ 15 በመቶ፣ ለግንባታና ለምክር ሥራ 7.5 በመቶ የዋጋ አስተያየት ሰጥተው ነበር። ለጥቃቅንና ለአነስተኛ ድርጅቶችም 3 በመቶ ሰጥተው፣ በጨረታ ማስከበሪያ ገንዘብ ፈንታ ካደራጃቸው መሥሪያ ቤት የዋስትና ደብዳቤ እንዲያቀርቡ ፈቅደው ነበር። ያ ዐዋጅ በ2016 ዓ.ም. በዐዋጅ ቁጥር 1333 ተተክቷል። ክልሎች ደግሞ የየራሳቸው ዐዋጅና መመሪያ ስላላቸው፣ ሹሙ ከመግዛቱ በፊት በሥራ ላይ ያለውን ሕግ መመልከት ግዴታው ነው።

ሌሎች አገሮችም በዚህ መንገድ ተጕዘዋል። ብራዚል እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2009 ባወጣችው ሕግ፣ የፌዴራሉ መንግሥት ለተማሪዎች ምግብ ከሚሰጠው ገንዘብ ቢያንስ 30 በመቶው ከቤተ ሰብ እርሻዎች ለሚገዛ ምግብ እንዲውል አዛለች። በእኛም አገር የዓለም ምግብ ፕሮግራም ከገበሬዎች የኅብረት ሥራ ማኅበራት በቆሎ ሲገዛ፣ ማኅበራቱ የወደፊት ማቅረቢያ ውላቸውን መያዣ አድርገው ከኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ብድር ያገኙበት ጊዜ ነበር። በጊዜው የተጻፈ ውል ለድኻ እንደ ንብረት ዋስ ሊሆን መቻሉ ከዚህ ይታወቃል።

ነገር ግን የአገር ልጅን መርዳት በሚል ስም ዘመድን መጥቀም እንዳይገባ እጅግ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ሚዛኑ ለሁሉ አንድ ይሁን፤ የቀረበውም ዋጋ በተወዳዳሪዎቹ ፊት ይነበብ። የሳሳ ባና የአገር ሥራ ነው ተብሎ አይወሰድ፤ ጕድለቱ ተነግሮት እንዲያስተካክል ለሸማኔው ይመለስ። መጥፎ ዕቃ ተቀብሎ ዝም ማለት ለሠሪው ምሕረት ይመስላል፤ ፍጻሜው ግን የአገሩን ሥራ ሁሉ ስም ማጥፋት ነው።

እንግዲህ አስተዋይ ሹም በሐምሌ መጀመሪያ የዓመቱን ፍላጎት በአንድ ወረቀት ይጽፋል። በአጠገቡም በወረዳው ውስጥ ማን ምን እንደሚያመርትና በየትኛው ወር እንደሚደርስ ይጽፋል። ሁለቱ ዐምዶች የተገናኙበትን ለአርቢው፣ ለገበሬውና ለሸማኔው በቤተ ክርስቲያን ደጅና በገበያ ቀን አስቀድሞ ያስነግራል። ይህን ለማድረግ አዲስ በጀት አያስፈልግም፤ ያለውን ገንዘብ በሥርዐት ማውጣት ይበቃል።