ፊደሉን ከማመንህ በፊት ጥርሱን ቁጠር

ልጄ፣ ቢ.ኤስ.ኤ. ጎልድ ስታር ሞተር ሳይክል ልትገዛ እንዳሰብክ ነግረኸኛል። ሻጩም «ካምቢዮው ከፋብሪካ የወጣው ራሱ ነው» ብሎሃል። እኔ በበርሚንግሃም ጋራዥ ውስጥ ስሠራ በኖርኩባቸው ዓመታት ይህን ቃል ከብዙ አፍ ሰምቼዋለሁ። እውነት የሆነበት ጊዜ አለ፤ ያልሆነበትም አለ። ገንዘብህን ከኪስህ ከማውጣትህ በፊት ይህን አንብብልኝ።

1. ስሙ ለምን እንደሚወደድ እወቅ። ዋል ሃንድሊ የተባለ ጋላቢ እ.ኤ.አ. በ1937 በብሩክላንድስ የውድድር ሜዳ በቢ.ኤስ.ኤ. ሞተር አንድ ዙር በሰዓት ከ100 ማይል በላይ ፈጠነ፤ ለዚያ ፍጥነት የሚሰጠው የወርቅ ኮከብ (ጎልድ ስታር) ምልክት ነበር። የቢ.ኤስ.ኤ. የስሞል ሂዝ ፋብሪካ ይህን ስም ወስዶ ለሞተሩ ሰጠ፤ ሥራውም እስከ 1963 ዘለቀ። መከራው ከዚህ ይጀምራል። በ1950ዎቹ ፋብሪካው ለተራ የመንገድ ሞተሮቹ፣ ለቢ31፣ ለቢ33፣ ለኤ10፣ የሰጣቸው ካምቢዮ በውጭ ሲታይ ከጎልድ ስታሩ ጋር ወንድማማች ነው። የአንዱ ሣጥን በሌላው ላይ ይገጥማል። ዋጋቸው ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል፤ ስለዚህ ተራውን ሣጥን የጎልድ ስታር ስም የሚያለብሱት ሞልተዋል።

2. ፊደሉን አንብብ፣ ግን አትመን። በሣጥኑ አሉሚኒየም ላይ የተመታ ምልክት ታገኛለህ። ኤስ ቲ ዲ ማለት ተራው የመንገድ ማርሽ ነው። አር አር የተቀራረቡት የውድድር ማርሾች ናቸው። መጨረሻው ላይ ቲ ካለ ቶሪንግተን የሚባሉት የመርፌ ኩሽኔታዎች ገብተውበታል ማለት ነው። ሰው ሁሉ የሚመኘው አር አር ቲ 2 የሚለውን ነው። ፊደሉ በእጅ በመዶሻ የተመታ ስለሆነ መጣመሙ ብቻውን አያስጠረጥርም፤ የፋብሪካውም ጠማማ ሊሆን ይችላል። ዙሪያውን ተመልከት። ከቀለጠው ብረት የወጣው ሸካራ ቆዳ በፊደሉ ዙሪያ ብቻ ለስልሶ፣ የሞረድ ጭረት ታይቶበት ከሆነ ቀድሞ የነበረ ፊደል ተፍቋል። በፊደሉ ጉድጓድ ውስጥ ያለው ጥቁረትም ከሣጥኑ ጥቁረት ጋር እኩል ማርጀት አለበት።

3. አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ፊደል በአንድ ደቂቃ ይመታል፤ ጥርስ ግን አይዋሽም። በዚህ ካምቢዮ አራተኛ ማርሽ ቀጥታ ነው፦ ከፍሪሲዮን የመጣው ዙር ሳይቀየር ወደ ካቴናው ፒኞን ያልፋል። ስለዚህ ሣጥኑን ሳትፈታ ልትፈትነው ትችላለህ።

ሞተሩን በማቆሚያው ላይ አቁምና የኋላ ጎማው ከመሬት ይነሣ። ሻማውን ፍታ። ጎማው ላይ በጠመኔ ምልክት አድርግ። አራተኛ አስገብተህ ጎማውን አራት ሙሉ ዙር በእጅህ አዙር፤ ፒስተኑ ስንት ጊዜ ላይ እንደደረሰ በባትሪ እያየህ ቁጠር። ከዚያ አንደኛ አስገብተህ ያንኑ አራት ዙር ድገመው። ሁለተኛውን ቁጥር ለመጀመሪያው አካፍል። ለምሳሌ አራተኛው ላይ 18 ከቆጠርክ፣ በአንደኛ ወደ 32 ከደረሰ ውጤቱ 1.75 ገደማ ነው፤ ይህ የአር አር ቲ 2 አንደኛ ማርሽ ነው። ወደ 47 ከወጣ 2.6 ገደማ ይሆናል፤ ያ ተራው የመንገድ ማርሽ ነው፣ ፊደሉ የፈለገውን ይበል። የፊትና የኋላ ፒኞኖች ቢለወጡም ይህ ስሌት አይናወጥም፤ ማካፈሉ ራሱ ያጣፋቸዋል። የዚህን ብልሃት ውበት እስከ ዛሬ አልጠገብኩትም።

አንደኛውን ብቻ ፈትነህ አትተው። የአር አር ቲ 2 አንደኛ የተራው ካምቢዮ ሁለተኛ ያህል ረጅም ነው። ውድድር ላይ ይህ ጥቅም ነው፤ በከተማ መብራት ላይ ግን ፍሪሲዮኑን እያንሸራተቱ መነሣት ግድ ይላል። በዚህ የተሰላቹ ባለቤቶች አንደኛውን በተራ ማርሽ ለውጠው ሌላውን እንደነበረ የተዉበት ሣጥን አጋጥሞኛል። ሦስተኛውንም ቁጠር፦ አር አር ቲ 2 ከሆነ 1.1 ገደማ፣ ተራው ከሆነ 1.2 ገደማ ይሰጥሃል። ልዩነቱ ትንሽ ስለሆነ እዚህ ላይ ከአራት ይልቅ አሥር ዙር አዙር።

4. ይህን ምክር ያገኘሁት በገንዘቤ ነው። አሮጌ ዕቃ ከሚሸጥበት ሜዳ ላይ ዝናብ እየዘነበብኝ አር አር ቲ 2 የተመታበት ካምቢዮ አየሁ። ዘንጉን በእጄ አዙሬ ለመቁጠር ሁለት ደቂቃ ይበቃኝ ነበር። ሌላ ሰው እንዳይቀድመኝ ብዬ ከፈልኩ። ቤት ወስጄ ስፈታው ከውስጥ ያገኘሁት የተራ ሞተር ማርሽ ነበር። ሻጩን ዳግመኛ አላየሁትም። ያን ቀን የተሰማኝ እልህ አንተን እንዳይነካህ ነው ይህን የምጽፍልህ።

5. ካምቢዮው የተፈታ ቀን ኩሽኔታዎቹን አንብብ። በጠርዛቸው ላይ የሠሪያቸው ስም አለ። ሆፍማን ወይም ራንሰም ኤንድ ማርልስ የሚል ካየህ ከሞተሩ ዘመን ጋር ይስማማል። አር ኤች ፒ የሚል ካየህ ግን ያ ኩሽኔታ ከ1969 ወዲህ የገባ ነው፤ ምክንያቱም ያ ድርጅት የተፈጠረው ሁለቱ ከሦስተኛው ከፖላርድ ጋር በዚያ ዓመት ሲዋሐዱ ነው። ይህ ጥፋት አይደለም። ኩሽኔታ ያልቃል፣ ይለወጣል። ቢሆንም «ሣጥኑ ከፋብሪካ ከወጣ ወዲህ አልተከፈተም» ላለህ ሻጭ በቂ መልስ ነው።

ቡሎንና ዳዶውንም እንዲሁ መርምር። እኛ አገር ቤት ሙያውን የለመድነው በጣልያኖቹ ቃልና በሚሊሜትር ቁልፍ ነው። በዚህ ሞተር ላይ የሚሊሜትር ቁልፍ ልክ ብሎ ከገባ ያ ቡሎን ኋላ የመጣ ሊሆን ይችላል። የእንግሊዙ የራሱ ቁልፍ አለው፣ ዊትዎርዝ ይባላል። የብዙዎቹ ቡሎኖች ጥርስ በአንድ ኢንች ውስጥ 26 ነው። በግድ የተጠመዘዘ የሚሊሜትር ቡሎን የአሉሚኒየሙን ጥርስ ይበላዋልና ያን ካየህ ዋጋውን አስቀንስ።

6. የመለዋወጫ ቁጥር ብቻውን አያስፈርድህ። በ67 የሚጀምር ቁጥር መነሻው የኤ7 እና የኤ10 ቤተሰብ ነው፤ ፋብሪካው ግን ዕቃ ስለሚያጋራ በእውነተኛ ጎልድ ስታር ውስጥም ልታገኘው ትችላለህ።

7. ወረቀቱን ጠይቅ። ፋብሪካው ሞተሮቹን ሲልክ የመዘገበባቸው ደብተሮች አልጠፉም፤ ለእንግሊዙ የጥንታዊ ሞተር ሳይክል ክበብ የሞተሩንና የሻንሲውን ቁጥር ልከህ ማስመርመር ትችላለህ። ሻጩ ይህን ጊዜ ካልሰጠህ ተወው። ሌላ ሞተር ይገኛል።

8. ቆጥረህ፣ መርምረህ፣ ማርሹ አዲስ የተሠራ ሆኖ ካገኘኸው ሞተሩን አትናቀው። ዛሬ የሚሠሩ ጥሩ ማርሾች አሉ፤ ለሚጋልብ ሰው ካለቀው አሮጌ ጥርስ እነሱ ይሻላሉ። የማይገባው በፋብሪካው ዋጋ መክፈል ነው። አንተም በተራህ ስትሸጠው ምን እንደለወጥክ በወረቀት ጽፈህ ለገዢው ስጠው። የነቀልከውን አሮጌ ማርሽ በዘይት በተነከረ ጨርቅ ጠቅልለህ ከሞተሩ ጋር አስረክበው።

አንድ ነገር ግን አደራ እልሃለሁ። ሣጥኑን እንዲያበሩልህ ለአሸዋ ንፊያ ወይም ለሞረድ አትስጥ። ማበጃ ቤቶቹ በአንድ ከሰዓት ፊደሉንም ጥቁረቱንም አጥፍተው እንደ መስታወት ያስረክቡሃል፤ ከዚያ በኋላ እኔም ሆንኩ ሌላ ሰው እውነተኛውን ከሐሰተኛው ለይተን ልንነግርህ አንችልም። በጋዝና በብሩሽ እጠበው፣ ፊደሎቹን በጎን ብርሃን ፎቶ አንሣቸው፣ ፎቶውንም ቆጥረህ ካገኘኸው ቁጥር ጋር ላክልኝ።