ከመንግሥት በጀት ውጭ ለጥናት የሚሆን ገንዘብ ስለ መፈለግ

በዩኒቨርስቲ ግቢ ውስጥ ስለ ምርምር በተነሣ ቁጥር ቀድሞ የሚሰማው ቃል «በጀት የለም» የሚለው ነው። አባባሉ ሐሰት አይደለም። የፌዴራሉ መንግሥት የሚመድበው ገንዘብ አስቀድሞ ለደመወዝ፤ ለተማሪ ቀለብና ለሕንጻ ይውላል። ለምርምር የተረፈውም ቢሆን ሰኔ 30 ሳይደርስ መወራረድ አለበት። የኦሞ ወንዝ ግን የበጀት ዓመት አያውቅም፤ ጥንት ሞልቶ ወደ እርሻው ይወጣ የነበረው ክረምቱ ሲያይል፥ ይኸውም የአዲሱ ዓመት በጀት ገና ሳይለቀቅ ነበር።

እንግዲህ ከጂንካ ወርዶ ካንጋተን ላይ ጥናት ማድረግ የሚሻ ተማሪ ምን ያድርግ? በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ይህንኑ ነው።

በመጀመሪያ አንድ ነገር እናስተውል። የኛንጋቶም ወረዳ ዋና ከተማ ካንጋተን የሚገኝበት የታችኛው ኦሞ ምድር ጥናት አጥቶ አያውቅም። በኪቢሽ አካባቢ የሪቻርድ ሊኪ ጓዶች እ.ኤ.አ. በ1967 ያገኟቸው የሰው ቅሪቶች እ.ኤ.አ. በ2005 ዕድሜያቸው 195,000 ዓመት ያህል እንደሆነ ተነገረ። እ.ኤ.አ. በ2022 ደግሞ ከ233,000 ዓመት እንደማያንስ ተገለጸ፤ ከዚህኛው ጥናት ጸሐፊዎች አንዱ ኢትዮጵያዊው የጂኦሎጂ ምሁር አስፋወሰን አስራት ናቸው። ለዚህ ጥናት ገንዘብ ካወጡት መካከል የእንግሊዝ መንግሥት የምርምር ምክር ቤት ቢኖርበትም፥ ሌቨርሁልም ትረስት የተባለው የግል ድርጅትና የካምብሪጅና የአፍሪካ ሊቃውንት አብረው እንዲሠሩ የሚረዳው የአልቦራዳ ፈንድም አሉበት። ሌቨርሁልም እ.ኤ.አ. በ1925 በአንድ የሳሙና ባለ ፋብሪካ ኑዛዜ የቆመ ነው። የኪቢሽ ዐመድ በከፊል በሳሙና ገንዘብ ተመረመረ ማለት ነው!

ነገሩ ቀልድ ይመስላል እንጂ ትምህርት አለበት። ዌነር ግሬን ፋውንዴሽን፥ የሰውን ዘር አኗኗርና ባህል ለሚያጠኑ የሚሰጠው፥ ኤሌክትሮሉክስ በሚባለው የምንጣፍ መጥረጊያ መኪና ከበለጸገ ስዊድናዊ የመጣ ነው። ሊጠፉ የተቃረቡ ቋንቋዎችን ለመመዝገብ የሚረዳው መርሐ ግብርም እ.ኤ.አ. በ2002 የተጀመረው የወተት ካርቶን ባለሀብት ከሆነው ቤተ ሰብ በተገኘ ገንዘብ ነው። መንግሥት ገንዘቡን ለሁሉ ያከፋፍላል፤ እንዲህ ያለው ለጋሽ ግን የሚወደው አንድ ነገር አለው። ስለዚህ ፈላጊው አስቀድሞ ሊያውቀው የሚገባው የገንዘቡን ልክ ሳይሆን የሰጪውን ፍቅር ነው።

ምሳሌ እንውሰድ። የግልገል ጊቤ ሦስት ግድብ እ.ኤ.አ. በ2016 ከተመረቀ ወዲህ የኦሞ ሙላት እንደ ድሮው አይመጣም። ሙላቱ ሲሸሽ በሚቀረው ደለል ላይ ማሽላ ይዘሩ የነበሩ ኛንጋቶሞች ኑሯቸውን እንዴት እየለወጡ ነው? ይህ መልካም ጥያቄ ነው። ለዌነር ግሬን ቢቀርብ ሊሰማ ይችላል፤ የሰው ጥያቄ ነውና። ለሊኪ ፋውንዴሽን ቢላክ ግን ወዲያው ይመለሳል፤ እርሱ የሚሻው የሰውን ዘር አመጣጥ ነው። ይሁን እንጂ ያው ድርጅት በኦሞና በቱርካና በደከሙት የጂኦሎጂ ሊቅ በፍራንሲስ ብራውን ስም ለምሥራቅ አፍሪካ ተማሪዎች የተለየ ድጎማ ስላለው፥ የአለት ወይም የቅሪት ተማሪ ሊያልፈው አይገባም። የእንግሊዙ ራፈርድ ደግሞ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ጥበቃ ወዳጅ ነው። ንጹሕ ምርምር ብቻ ይዞ ለመጣ ጆሮ አይሰጥም፤ «ጥናትህ አልቆ ለማጎ ወይም ለኦሞ ፓርክ ምን ይጠቅማል?» ይላል። ራፈርድ በትንሽ ጀምሮ ያንን በደንብ ለሠራ ሁለተኛውንና ከዚያ የሚበልጠውን ይጨምራል፤ ለጀማሪ ከዚህ የተሻለ በር አላየሁም።

አንዱን ማመልከቻ ስሙን ብቻ እየለወጡ ለአምስት ድርጅት መላክ እንግዲህ ድካም ብቻ ነው። የሚበጀው ለጋሹ ባለፉት ዓመታት ለማንና ለምን ጥናት እንደ ሰጠ ማንበብ ነው፤ አብዛኞቹ ዝርዝሩን ያወጡታል።

ስለ ወጪው ዝርዝር ጥቂት ልበል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሰናከላል። ገምጋሚው ኒው ዮርክ ተቀምጦ የጂንካና የካንጋተንን መንገድ አያውቅም። «ትራንስፖርት» ብሎ ቁጥር መጻፍ ጥርጣሬ ያመጣል፤ ጠንካራ መኪና ለስንት ቀን፥ ነዳጅ ስንት ሊትር፥ ለኛንጋቶምኛ አስተርጓሚ የስንት ቀን አበል ብሎ መዘርዘር ግን እምነት ያመጣል። ዌነር ግሬንና ሊኪ ለዩኒቨርስቲው የአስተዳደር ድርሻ አይከፍሉም፤ ይህን ለፋይናንስ ክፍሉ አስቀድሞ መንገር ኋላ ከሚነሣ ክርክር ያድናል። የውጭ ምንዛሪው በየትኛው ሒሳብ እንደሚገባና በማን ፊርማ እንደሚወጣ፥ የጥናት ፈቃዱም ከየትኛው መሥሪያ ቤት እንደሚጠየቅ ገንዘቡ ሳይመጣ ተጠይቆ ይለቅ።

የመንግሥት ገንዘብ አይታመንም ለማለት አይደለም፤ የሌላ አገር መንግሥት ገንዘብም ቢሆን በአንድ ውሳኔ ይቆማል። የአሜሪካው ዩኤስኤይድ እ.ኤ.አ. በ2025 ሥራውን ሲያቆም በእርሱ ላይ ብቻ ተደግፈው የነበሩ ስንት ሥራዎች መንገድ ላይ እንደ ቀሩ አይተናል። ሁለትና ሦስት በር ማንኳኳት ከዚህ ያድናል።

ደግሞም የካንጋተን ተማሪ ከሩቅ ለሚመጣው ምሁር የሌለው ነገር አለው። ቋንቋውን ያውቃል፤ ሽማግሌዎቹ አባቱን ያውቃሉ፤ በበጋም በክረምትም እዚያው ነው። ይህ በማመልከቻው የመጀመሪያ ገጽ ላይ እንጂ በመጨረሻው መጻፍ የለበትም። እስከ ዛሬ ስለ ኛንጋቶም የተጻፈው አብዛኛው በሌላ አገር ሰው የተጠየቀ ጥያቄ መልስ ነው፤ ጥያቄውን የጠየቀ ገንዘቡን አገኘ፤ ገንዘቡን ያገኘም መልሱን ይዞ ሄደ። ገንዘቡ የተገኘ እንደሆነ ከሪፖርቱ አንድ ቅጂ ለወረዳው፥ አንድም ጂንካ ላለው የደቡብ ኦሞ የምርምር ማዕከል ይሰጥ።

የዌነር ግሬን የዶክትሬት ተማሪዎች ማመልከቻ በዓመት ሁለት ጊዜ፥ ሚያዝያ 23 እና ጥቅምት 22 አካባቢ ይዘጋል። መጀመሪያ ያልተሳካለት ከገምጋሚዎቹ አስተያየት ተነሥቶ ምን እንዳሻሻለ ገልጾ እንደገና ማቅረብ ይፈቀድለታል።