ስለ አንጎል ሕዋሳትና ስለ ፖታሲየም በሮች

የነርቭ ሕዋስ መልእክቱን በኤሌክትሪክ ኀይል እንደሚያስተላልፍ በባዮሎጂ ትምህርታችን ተምረናል። መልእክቱ እንዴት እንደሚነሣ ብዙ ጊዜ ይነገራል፤ እንዴት እንደሚቆም ግን እምብዛም አይነገርም። እኔም የሕዋሳቱ ጠባይ ከሚለያይባቸው ነገሮች ዋናው ይህ መሆኑን ስለ ተረዳሁ፥ ከዚህ ቀጥሎ ባጭሩ ለጓደኞቼ ለማስረዳት እሞክራለሁ።

ሕዋሱ ዕረፍት ላይ ሳለ ውስጡ ከውጭው ይልቅ 70 ሚሊ ቮልት ያህል ኔጋቲቭ ነው። ፖታሲየም በውስጥ፥ ሶዲየም በውጭ ይበዛል። መልእክት ሲነሣ በመጀመሪያ የሶዲየም በሮች ይከፈቱና ሶዲየም ይገባል፤ ውስጡም ፖዚቲቭ ይሆናል። ቀጥሎ የፖታሲየም በሮች ይከፈታሉ፤ ፖታሲየም ሲወጣም ሕዋሱ ወደ ቀድሞ ሁኔታው ይመለሳል። ይህን ስኩዊድ በተባለ የባሕር እንስሳ ወፍራም ነርቭ ላይ መርምረው፥ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1952 ዓ.ም. የገለጹት አለን ሆጅኪንና አንድሩ ሃክስሊ የተባሉ የእንግሊዝ አገር ሊቃውንት ናቸው። በ1963 ዓ.ም. ከጆን ኤክልስ ጋር የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል።

እነርሱ በስኩዊዱ ነርቭ ላይ የገለጹት የፖታሲየም ፍሰት አንድ ዐይነት ብቻ ነበር። በሰው ግን ለእነዚህ በሮች መሥሪያ የሚሆኑ ጂኖች ከ70 ይበልጣሉ፤ እያንዳንዱም የሕዋስ ዐይነት ለሥራው የሚስማሙትን ይይዛል። ሦስቱን ብቻ እንመልከት።

አንደኛ፤ በአንጎል ቅርፊት ውስጥ ሌሎችን ሕዋሳት ዝም የሚያሰኙ ፈጣን ሕዋሳት አሉ። እነዚህ «ኬቪ 3» የተባለውን በር በብዛት ይይዛሉ። ይህ በር ቶሎ ተከፍቶ ቶሎ ስለሚዘጋ፥ ሕዋሱ በአንድ ሴኮንድ ከ200 ጊዜ በላይ መልእክት ለመላክ ይችላል።

ሁለተኛ፤ ለትውስታ በሚያገለግለው በሂፖካምፐስ ውስጥ ያሉት የፒራሚድ ቅርጽ ያላቸው ሕዋሳት «የኤ ዐይነት» የሚባል ፍሰት አላቸው። በሩ ወዲያው ይከፈታል፤ ነገር ግን ብዙ ሳይቆይ ራሱን ይዘጋል። ከሕዋሱ አካል እየራቅን ወደ ቅርንጫፉ ጫፍ በሄድን መጠን ይህ ፍሰት ይበረታል፤ በዚያ የሚያልፈውንም መልእክት ያለዝበዋል።

ሦስተኛው «የኤም ዐይነት» ይባላል። ይህ ቀስ ብሎ ይከፈታል፥ ራሱንም አይዘጋም፤ ስለዚህ ሕዋሱ መልእክቱን ያለ ልክ እንዳይደጋግም እንደ ፍሬን ሆኖ ይይዘዋል። በ1998 ዓ.ም. ይህን በር የሚሠሩት ጂኖች ሲበላሹ፥ በተወለዱ በጥቂት ቀናት ውስጥ ሕፃናትን የሚያንዘፈዝፍ ከዘር የሚወረስ የሚጥል በሽታ እንደሚመጣ ታወቀ።

የሚጥል በሽታ ምክንያቱ ብዙ ነው እንጂ፥ ሁሉም ከፖታሲየም በር የሚመጣ አይደለም። ሆኖም በአገራችን ይህ ሕመም የያዘውን ሰው ጋኔን ያዘው ብለው የሚሸሹ፥ ክብሪት ጭረው የሚያሸትቱም አሉ። የክብሪት ጢስ የአንጎልን በር አይከፍትም፥ አይዘጋምም። ይልቅስ የወደቀውን ልጅ በጎኑ አስተኝተን፥ ሲሻለው ወደ ሐኪም ቤት ብናደርሰው፥ የተማርነው ነገር ለወገናችን ጠቀመ ማለት ነው።