ስለ ዱባ አበባና ስለ ችኩል ፍርድ

ልጆች ሆይ፥ ዛሬ ስለ ዱባ እንማራለን፤ ከዱባውም ጋራ ስለ ፍርድ ጥቂት ነገር እንማራለን።

ዱባ ጥንት የአሜሪካ ምድር ተክል ነበረ። በሜክሲኮ አገር በአንድ ዋሻ ውስጥ 10,000 ዓመት ያህል የቈየ የዱባ ዘር ተገኝቷል። ዛሬ ግን በወሎ በብዙ ሰው ጓሮ ይበቅላል።

ወልድያ በሰሜን ወሎ ያለች ከተማ ናት፤ ከፍታዋም ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ያህል ነው። በዚህ አገር በልግ የሚባለው ትንሹ ዝናም በየካቲት ይጀምራል፤ ትልቁም ዝናም በሐምሌና በነሐሴ ይዘንማል። ትምህርት ቤት በክረምት ስለሚዘጋ፥ እኔና ተማሪዎቼ በበልግ ዱባ ለመትከል ተስማማን።

በየካቲት መጨረሻ በግቢው ውስጥ 10 ጕድጓድ ቈፈርን። ሐረጉ ሩቅ ስለሚዘረጋ ከአንዱ ጕድጓድ እስከ ሌላው 4 ክንድ ለካን። የበሰበሰ ፍግ ከአፈር ጋራ ደባልቀን በየጕድጓዱ 3 ፍሬ ዘራን፤ በበቀለም ጊዜ ብርቱውን አስቀርተን የቀረውን ነቀልን። ዝናም ባልዘነመም ቀን ልጆቹ በየተራቸው በቅል ውሃ ያጠጡ ነበር።

በሚያዝያ ብጫ አበባ ፈካ፤ ልጆቹም እጅግ ደስ አላቸው። ነገር ግን ጥቂት ቀን ቈይቶ ለጋው ዱባ ሁሉ፥ ገና ሎሚ ሳያህል፥ እየገረጣ ይረግፍ ጀመር። ያን ጊዜ ልጆቹ ተቈጥተው ከመካከላቸው ትንሹን ልጅ ይዘው ወደ እኔ መጡ። «የኔታ፥ ዱባውን ያጠፋው ይህ ነው፤ ለጋውን በጣቱ ሲጠቍም አይተነዋል» አሉ። ልጁም «ልቈጥረው ብዬ ነው እንጂ ክፉ አላሰብሁም» ብሎ አለቀሰ።

እኔም «ሳንመረምር አንፈርድም» ብዬ ሁሉን ወደ አትክልቱ ወሰድኋቸው። ሐረጉን ብናይ ጤነኛ ነው፤ ቅጠሉም አልጠወለገም። ነገር ግን በአጥሩ ሥር ተቀጥፎ የደረቀ ብዙ አበባ ተከምሮ አገኘን። «ይህን ማን ቀጠፈው?» ብዬ ብጠይቅ፥ በዕድሜም በትጋትም ከሁሉ የሚበልጠው ተማሪ ቀርቦ «እኔ ነኝ። ይህ አበባ ፍሬ የማይዝ ሰነፍ ስለ ሆነ፥ የሐረጉን ኃይል በከንቱ እንዳይበላ በየማለዳው እቀጥፈው ነበር» አለ።

በዚያን ጊዜ እንዲህ ብዬ አስተማርኋቸው። «ዱባ ወንዴና ሴቴ አበባ አለው። ወንዴው በቀጭንና በረጅም አገዳ ላይ ይቆማል፤ በውስጡም ብጫ ዱቄት አለ። የሴቴዋ አገዳ አጭር ነው፤ ከአበባዋም በታች ትንሽ ክብ ፍሬ ይታያል። አበባው ማለዳ ሲፈካ ንብ ልትቀስም ትመጣለች፤ ዱቄቱም በገላዋ ተጣብቆ ወደ ሴቴዋ ይደርሳል። ዱቄቱ ያልደረሳት እንደ ሆነ ፍሬዋ ገርጥቶ ይረግፋል። ዱባና ቅል አበቃቀሉ ለየቅል እንደ ተባለ፥ የሁለቱም አበባ ሥራ ልዩ ልዩ ነው።»

ትልቁም ተማሪ አፍሮ ትንሹን ልጅ «ይቅር በለኝ፤ ጥፋቱ የእኔ ሳለ አንተ ተከሰስህ» አለው። ሌሎቹም ይቅርታ ለመኑት።

ከዚያ ቀን ወዲህ ወንዴውን አበባ ሳንቀጥፍ ተውነው። ንብ ባነሰም ጊዜ ማለዳ አንዱን ወንዴ አበባ ወስደን፥ ብጫውን ቅጠሉን ልጠን፥ ዱቄቱን በሴቴዋ አበባ መካከል እናስነካ ነበር። ፍሬውም ያዘ። በሰኔ መጨረሻ ልጣጩ ጠንክሮ ጥፍር አልበሳው ባለ ጊዜ ከነእንብርቱ ቈረጥነው፤ እንዲህ የተቈረጠ ዱባ በደረቅ ስፍራ ብዙ ወር ይቀመጣልና። ከፊሉን ቀቅለን በአንድነት በላን፤ ከዘሩም ለሚመጣው ዓመት አደረቅን።

በዚያም ቀን ዱባውን በጣቱ እየጠቈመ የቈጠረልን ያ ትንሽ ልጅ ነበረ።

እንግዲህ፥ ልጆች ሆይ፥ ሥራውን የማታውቁትን ሰነፍ ነው አትበሉ፤ ምክንያቱንም ሳትመረምሩ ባልንጀራችሁን አትክሰሱ። አበባውን ያስቀጠፈና ሕፃኑን ያስለቀሰ አንድ ጥፋት ነው፤ እርሱም ሳያውቁ መፍረድ ነው።