ፀጉራም ውሻ እና ሙቀት፦ ልላጨው ወይስ ልተወው?

 

በጋው ጠንከር ሲል በውስጥ መስመር በብዛት የሚደርሰኝ ጥያቄ ይህ ነው፦ «ዶክተር፣ ውሻዬ ቀኑን ሙሉ ምላሱን አውጥቶ ያለከልካል፤ ፀጉሩን ልላጨው?» ጥያቄው የሚመጣው በተለይ ጀርመን ሼፐርድ፣ ሃስኪ፣ ካውኬዥያን እና ጎልደን ሪትሪቨር ካላቸው ሰዎች ነው። ዛሬ እሱን እንመልሳለን፤ ከመላጨት በላይ የውሻዎን ሕይወት የሚያተርፉ ነገሮችንም እናያለን።

«አዲስ አበባ እኮ ደጋ ናት፣ እዚህ ውሻ በሙቀት አይሞትም» የሚል ሰው አይጠፋም። ይሞታል! ከየካቲት እስከ ግንቦት ባለው ጊዜ፣ እኩለ ቀን ላይ፣ በቆርቆሮ ቤት ውስጥ የታሰረ ወይም መስኮቱ በተዘጋ መኪና ውስጥ የቀረ ውሻ እዚሁ አዲስ አበባም አደጋ ላይ ነው። አዳማ፣ ድሬዳዋ፣ ሰመራ ወይም ዱባይ ሆናችሁ የምታነቡማ ይበልጥ ልብ ብላችሁ አንብቡ።

👉 ውሻ ለምን ቶሎ ይግላል?

እኛ ሲሞቀን መላ ሰውነታችን ያልበዋል፤ ላቡ ሲተን ሙቀት ይዞልን ይሄዳል። ውሻ ግን የሚያልበው በመዳፉ ሥር ብቻ ነው፣ እሱም ብዙም አይጠቅመውም። ዋናው ማቀዝቀዣው ማለክለክ ነው። አየር ቶሎ ቶሎ ሲያስገባና ሲያስወጣ የምላሱና የመተንፈሻ አካሉ እርጥበት ይተናል፣ ሰውነቱም ይቀዘቅዛል።

የጤነኛ ውሻ ሙቀት ከ38 እስከ 39.2 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው። 41 ካለፈ ግን ጉዳዩ «ሞቀው» ከመባል ያልፋል፤ አንጎል፣ ኩላሊት፣ ጉበትና አንጀት መጎዳት ይጀምራሉ። ይህን ነው የሙቀት ምት የምንለው።

ወፍራም፣ ያረጀ፣ የልብ ችግር ያለበት እና እንደ ፓግና ቡልዶግ አፍንጫው የተጨፈለቀ ውሻ ከሌላው ቀድሞ ይጎዳል።

👉 እና ይላጭ ወይስ አይላጭ?

አጭሩ መልስ፦ አይላጭ፤ ይበጠር።

የእነዚህ ውሾች ፀጉር ሁለት ድርብ ነው። ከላይ ረጅምና ጠንካራ፣ ከሥር ደግሞ ለስላሳና ጥቅጥቅ ያለ። የሣር ክዳን ቤትን ያስቡ። ሌሊት ያሞቃል፣ ቀን ደግሞ የፀሐይን ግለት ይከላከላል። የቆርቆሮ ቤት ግን ፀሐይ ስትወጣ ወዲያው ይግላል። ውሻውን እስከ ቆዳው ሲላጩት የሣር ክዳኑን አንስተው ፀሐይ እንዲመታው ማድረግዎ ነው፤ ቆዳው ይቃጠላል። በአንዳንዶቹ ላይ ደግሞ ፀጉሩ ተመልሶ ሲበቅል እንደ ድሮው አይሆንም፣ ይንጨባረራል ወይም ሳይበቅል ይቀራል።

ግን ይህ የሚሠራው ክዳኑ ንጹሕ ሲሆን ነው። የረገፈው የውስጥ ፀጉር ሳይወጣ ከተጠላለፈ አየር አያስገባም፣ ሙቀቱን አፍኖ ይይዛል። ስለዚህ፦

✅ ፀጉሩ በሚረግፍበት ወቅት በየቀኑ፣ በሌላው ጊዜ በሳምንት 2 ወይም 3 ጊዜ እስከ ሥሩ ያበጥሩት።
✅ የሆዱንና የብሽሽቱን ፀጉር በትንሹ ማሳጠር ይቻላል። ቀዝቃዛ ሲሚንቶ ላይ ሲተኛ ይረዳዋል።
✅ ፀጉሩ ተጠቅልሎ ቋጠሮ ከሠራ በመቀስ አይታገሉ፣ ቆዳውን ይቆርጡታል። ሐኪም ዘንድ ይውሰዱት።

አንድ ነገር ግን አይርሱ፤ ውሻው ሲሮጥ ሙቀቱ የሚመነጨው ከውስጥ ነው። ያኔ ወፍራሙ ፀጉር ሙቀቱ እንዳይወጣ ያግዳል። ፀጉራም ውሻ በፀሐይ አይሩጥ የምንለው ለዚህ ነው።

👉 የግቢው ውሻ፦ ቤቱ፣ ሰንሰለቱ፣ ውሃው

ብዙዎቻችን ውሻ የምናሳድገው ለጥበቃ ነው። ቀን ይታሰራል፣ ማታ ይለቀቃል። ችግሩ ያለው ቀኑ ላይ ነው።

1. የቆርቆሮ ቤቱ፦ ቀትር ላይ እጅዎን ወደ ውስጥ ሰደድ አድርገው ይሞክሩት። እርስዎ 5 ደቂቃ የማይቆዩበት ከሆነ ለእሱም አይሆንም። ጣሪያው ላይ ሰሌን ወይም ድርብ ኬሻ ያልብሱ፤ ከግድግዳው ጥቂት ከፍ አድርገው አየር እንዲገባ ይተዉ። ቢቻል ወደ ዛፍ ጥላ ያዛውሩት።

2. ሰንሰለቱ፦ ጥላ ከቦታው ይሸሻል። ጠዋት ጥላ የነበረው ቦታ ከሰዓት ፀሐይ ይሆናል፤ የታሰረ ውሻ ግን ተከትሎት አይሄድም። ሲያስሩት የ8 ሰዓቱን ፀሐይ አስበው ይሰሩት።

3. ውሃው፦ 40 ኪሎ የሚመዝን ውሻ በአዘቦት ቀን እንኳ ከ2 እስከ 2.5 ሊትር ውሃ ይፈልጋል፤ ሲሞቅ ደግሞ ይጨምራል። ውሃ በሳምንት አንዴ የሚመጣበት ሰፈር ከሆናችሁ ለእሱም አንድ ጀሪካን ይመደብለት። ዕቃው ቢደፋ እንዳይጠማ በሁለት ቦታ፣ ጥላ ሥር ያስቀምጡ። ሃይላንድ ውሃ አስግረው አጠገቡ ቢያስቀምጡለት ራሱ ሄዶ ይጠጋዋል።

4. ምግቡ፦ በጠዋትና በማታ ይሁን።

👉 ከግቢ ሲወጡ

የብሪታንያው ሮያል ቬተርናሪ ኮሌጅ ተመራማሪዎች በ2020 ይፋ ባደረጉት ጥናት፣ በዚያ አገር ውሾችን ለሙቀት ምት የዳረገው ዋናው ነገር መኪና ሳይሆን ሩጫና እንቅስቃሴ ሆኖ ተገኝቷል። ስለዚህ የእግር ጉዞው ከጠዋቱ 2 ሰዓት በፊት ወይም ፀሐይ ከገባች በኋላ ይሁን። አስፋልቱ ወይም ኮብልስቶኑ ላይ የእጅዎን ጀርባ ለ7 ሰከንድ ያስቀምጡ፤ ካልቻሉ የእሱም መዳፍ አይችልም።

መኪናም ቢሆን ቀላል አይደለም። ውጭው 24 ዲግሪ ሲሆን፣ ማለትም የተለመደ የአዲስ አበባ ቀን፣ የዝግ መኪና ውስጥ በ10 ደቂቃ ወደ 34፣ በ30 ደቂቃ ወደ 43 ዲግሪ ሊደርስ ይችላል። መስኮቱን ገርበብ ማድረግ ብዙም አይለውጠውም። «አሁን መጣሁ» ብለው ትተውት አይውረዱ።

❌ አፉን በገመድ አያስሩ! ለክትባት ሲወስዱት ብዙ ሰው ይህን ያደርጋል። አፉ የታሰረ ውሻ ማለክለክ አይችልም፤ በዚያ ላይ ፈርቷል፣ ይታገላል። ማቀዝቀዣውን ዘጉበት ማለት ነው። አፉን ከፍቶ የሚተነፍስበት ቅርጫት መሰል የአፍ መከለያ ይጠቀሙ።

👉 አደጋ ላይ መሆኑን በምን አውቃለሁ?

• ጥላ ሥር አርፎም የማያቆም ከባድ ማለክለክ
• ወፍራም፣ የሚንዘላዘል ለሃጭ
• ደም የመሰለ ቀይ ድድ፤ ሲብስ ደግሞ የገረጣ ወይም ሰማያዊ
• ማስመለስ፣ ተቅማጥ (ደም ሊኖረው ይችላል)
• መንገዳገድ፣ ሲጠሩት አለመስማት፣ መውደቅ፣ መንቀጥቀጥ

👉 ምን ላድርግ?

መርሁ አንድ ነው፦ መጀመሪያ ያቀዝቅዙ፣ ከዚያ ያጓጉዙ። ክሊኒክ እስኪደርሱ በትራፊክ መጨናነቅ የሚያልፈው ሰዓት ሊገድለው ይችላል።

1. ወደ ጥላ ያውጡት፤ ለሐኪም ይደውሉ።
2. በጎማ ወይም በባልዲ ቀዝቃዛ ውሃ ሳያቋርጡ ያፍስሱበት። ፀጉራም ስለሆነ ውሃው ቆዳው ጋ እንዲደርስ በእጅዎ ፀጉሩን ይግለጡ፤ ሆዱን፣ ብብቱንና ብሽሽቱን አይርሱ። «ቀዝቃዛ ውሃ ድንገት ይገድለዋል» ሲባል ሰምተው ይሆናል፤ አሁን ያለው ምክር ከእሱ ሰውነት የሚቀዘቅዝ ማንኛውም ውሃ ይሁን የሚል ነው። ወጣትና ጤነኛ ከሆነ ጭንቅላቱ ከውሃው በላይ ተይዞ ትልቅ ሳፋ ውስጥ መንከርም ይቻላል።
3. በቬንትሌተር ወይም በካርቶን ያራግቡለት።
4. እርጥብ ፎጣ ወይም ኬሻ ከላይ አልብሰው አይተዉት። ጨርቁ ራሱ ይሞቅና ያፍነዋል። ከሥሩ ማንጠፍ ግን ይቻላል።
5. ራሱ መጠጣት ከቻለ ውሃ ያቅርቡለት፤ በግድ አፉ ውስጥ አያፍስሱ፣ ወደ ሳንባው ይገባል።
6. ቴርሞሜትር ካለ በፊንጢጣው ይለኩ። 39.5 ገደማ ሲደርስ ውሃውን ያቁሙ፣ ከዚያ በታች ከመጠን በላይ እንዳይቀዘቅዝ።
7. የመኪናውን መስኮት ከፍተው ወደ ክሊኒክ ይሂዱ። ቢሻለውም እንኳ! የኩላሊት፣ የጉበትና የደም መርጋት ችግር ከ1 እስከ 3 ቀን ቆይቶ ሊመጣ ይችላል።

❌ ፓራሲታሞልም ሆነ አይቡፕሮፌን በፍጹም አይስጡት። የሙቀት ምትን አያወርዱም፤ ውሻን ግን ይመርዛሉ።

⚠️ ልብ ይበሉ! ለሃጭ ማዝረብረብ፣ መንገዳገድና መንቀጥቀጥ የእብድ ውሻ በሽታም ምልክቶች ናቸው። የሙቀት ምት የሚመጣው ሙቀት ላይ ከቆየ ወይም ከሮጠ በኋላ፣ በደቂቃዎችና በሰዓታት ውስጥ ነው። ውሻው ካልተከተበ፣ ሙቀት ላይ ሳይቆይ ከታመመ፣ ወይም ጠባዩ ከተቀየረ ቀናት ካለፉ እጅዎን ወደ አፉ አይስደዱ፤ ልጆችን አርቀው፣ ውሃውን ከርቀት እያፈሰሱ ሐኪም ይጥሩ። ከነከሰዎት ወይም ለሃጩ ቁስልዎን ከነካ ቦታውን በሳሙናና በውሃ ለ15 ደቂቃ ይጠቡና በዚያው ቀን ጤና ተቋም ሄደው ክትባት ይጀምሩ። «ሙቀት ነው» ብሎ መገመት የሰው ሕይወት ያስከፍላል።

ለዛሬ እዚህ ላይ እናብቃ። ቀን ውሻውን የሚያስረውም፣ ውሃ የሚያቀርብለትም ብዙ ጊዜ ዘበኛው ወይም የቤት ሠራተኛዋ ስለሆኑ፣ ይህን ጽሑፍ ለእነሱም ያንብቡላቸው። ጥያቄ ካለዎት የውሻዎን ዝርያ፣ ዕድሜና ክብደት ጠቅሰው በኮሜንት ይጻፉልኝ። ውሻ ላለው ወዳጅዎም ሼር ያድርጉ።

መልካም ጤና!