የመጻሕፍትን ቍጥር ስለሚጽፉ ሰዎች

ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስ በሮም ታስሮ ሳለ ወደ ጢሞቴዎስ የላከውን ሁለተኛውን መልእክት የምናነብ ሁሉ፥ በፍጻሜው አንድ ትንሽ የዕቃ ነገር እናገኛለን። በጢሮአዳ አክርጳ በሚባል ሰው ቤት ያስቀመጠውን መጎናጸፊያና መጻሕፍቱን፥ ከሁሉም አስቀድሞ ብራናዎቹን፥ ይዞለት እንዲመጣ ይለምነዋል። መምህራኖቻችን በዚህ ቦታ ስለ ሐዋርያው ድህነትና ስለ ንባብ ፍቅሩ ያስተምሩን ነበር፤ መልካም ነው። እኛ ግን ዛሬ ሌላ ነገር እንድትመለከቱ እንወዳለን። ሐዋርያው ዕረፍቱ በቀረበበት ሰዓት እንኳ መጽሐፉ በየትኛው ከተማ፥ በማን እጅ እንዳለ፥ ብራናውንም ከሌላው ለይቶ ያውቅ ነበር። ይህን ያህል የሚያውቅ ሰው መጽሐፉ በቀላሉ አይጠፋበትም።

ይህ ዕውቀት ለብዙ መጻሕፍት ሆኖ በጽሑፍ ሲቀመጥ የመጻሕፍት ዝርዝር ወይም ካታሎግ ይባላል። ዕድሜያቸውን በዚህ ሥራ የፈጸሙ ሊቃውንት አሉ። ድርሰቱን የደረሰው ይመሰገናል፤ ብራናውን ፍቆ ቀለሙን በጥብጦ የጻፈውም በመጽሐፉ መጨረሻ ስሙን ጽፎ ጸሎት ይለምናል፤ የቈጠረውን ሰው ግን የሚያስበው ጥቂት ነው። እኛ በቢቸናና በሞጣ አገር፥ በዲማ ጊዮርጊስ፥ በደብረ ወርቅና በመርጡለ ማርያም ጎረቤት የምንኖር ካህናት፥ መጻሕፍት ከሞሉባቸው ዕቃ ቤቶች አጠገብ እየዋልን ይህን ሥራ እጅግ ዘግይተን ስለ ተማርን፥ የተማርነውን ልንጽፍላችሁ ወደድን።

ሥራው ለቤተ ክርስቲያን እንግዳ አይደለም። ቅዱሳት መጻሕፍትን ሰማንያ አሐዱ ብለን በየስማቸው የምንቈጥረው ቍጥር ራሱ ዝርዝር ነው። በግብፅም እ.ኤ.አ. በ1324 ያረፈው አቡል በረካት የተባለው የቅብጥ ቄስ፥ ስለ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት በጻፈው ታላቅ መጽሐፍ ውስጥ አንዱን ምዕራፍ ለክርስቲያን ደራስያንና ለድርሰቶቻቸው ቍጥር ሰጥቶታል። እንግዲህ ቄስ ሆኖ መጻሕፍትን መቍጠር አዲስ ልማድ ነው የሚል ቢኖር ይህን ያስብ።

የእኛን መጻሕፍት ግን ቀድመው በሰፊው የቈጠሩት የውጭ አገር ሰዎች ናቸው። አንቷን ዳባዲ በኢትዮጵያ ተዘዋውሮ የሰበሰባቸውን 234 መጻሕፍት ዝርዝር በፓሪስ እ.ኤ.አ. በ1859 አሳተመ። በ1860 ዓ.ም. ከመቅደላ የተወሰዱትም ብዙዎቹ በለንደን ቤተ መዘክር ገብተው ዊልያም ራይት የሚባል ሊቅ በየቅጠላቸው መርምሮ እ.ኤ.አ. በ1877 ዝርዝራቸውን አወጣ። ነገሩ ያሳዝናልም፥ ያስተምራልም። በለንደን ያለው መጽሐፍ ስንት ቅጠል እንዳለው፥ ማን እንዳጻፈው፥ በምን ቃል እንደሚጀምር ይታወቃል፤ በገዛ ደብራችን ያለው ግን በቄሰ ገበዙ ልብ ብቻ ተጽፏል፤ ቄሰ ገበዙም ሟች ነው።

ከአገራችን ሰዎች ይህን ጉድለት አስቀድመው የተመለከቱት ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ናቸው። መርሐ ቤቴ ተወልደው በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ያደጉ ሰው ስለ ነበሩ መጻሕፍቱን ከውስጥ ያውቋቸዋል። በ1904 ዓ.ም. በኢትዮጵያ የሚገኙትን የመጻሕፍት ቍጥር አሳተሙ፤ በ1920 ዓ.ም. ደግሞ የግዕዙንና የአማርኛውን መጻሕፍት ይዞ ሰፋ ብሎ ታተመ። በኋለኛው ላይ ካታሎግ የሚለውን የባዕድ ቃል መረጡ፤ እኛ የፊተኛውን ‹ቍጥር› የሚለውን እንወደው ነበር፤ ነገር ግን ይህ ክርክር የትልቅ ሥራ ትንሽ ጫፍ ነው። በኋላ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የሆኑት ብላቴን ጌታ ራሳቸው ደራሲ ሆነው ሳለ ስለ ሌሎች ሰዎች መጻሕፍት ይህን ያህል መድከማቸው ያስደንቃል። በጠላት ወረራ ጊዜ ተሰደው በ1931 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር ዐረፉ።

ከእርሳቸው በኋላ ይህን ሥራ እንደ ዶክተር ጌታቸው ኃይሌ የደከመበት ሰው አናውቅም። በሸዋ በሸንኮራ እ.ኤ.አ. በ1931 ተወለዱ፤ በአዲስ አበባ በቅድስት ሥላሴ ትምህርት ቤት፥ ከዚያም በካይሮ ተምረው፥ በጀርመን አገር በቱቢንገን እ.ኤ.አ. በ1962 የሴም ቋንቋዎች ዶክተር ሆኑ፤ ተመልሰውም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አስተማሩ። በመስከረም 1968 ዓ.ም. የደርግ ወታደሮች በቤታቸው በጥይት መቱአቸው፤ ነፍሳቸው ተረፈች፥ እግራቸው ግን ከዚያ ወዲህ አልሄደም። ወደ አሜሪካም ሄደው በሚኒሶታ ክፍለ አገር በኮሌጅቪል ወዳለው የቅዱስ ዮሐንስ ገዳም የብራና መጻሕፍት ቤት ገቡ።

በዚያ የጠበቃቸው የገዛ አገራቸው ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 በብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ቴዎፍሎስ ዘመን በተጀመረው ሥራ፥ በየገዳማቱና በየአድባራቱ ያሉ መጻሕፍት በማይክሮፊልም እየተነሡ አንዱ ቅጂ በአዲስ አበባ ሲቀር ሌላው በኮሌጅቪል ይቀመጥ ነበር። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ቅጾች ዝርዝር ዊልያም ማኮምበር አዘጋጅተው ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1979 ከታተመው ከአራተኛው ቅጽ ጀምሮ የዶክተር ጌታቸው ስም ይገኛል፤ አንዳንዱን ከማኮምበር ጋር፥ ሌላውን ብቻቸውን ሠርተው እ.ኤ.አ. በ1993 አሥረኛው ቅጽ ሲወጣ የተዘረዘሩት መጻሕፍት 5,000 ደረሱ። በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጠው፥ ወደ አገራቸው ዕቃ ቤት መግባት ሳይችሉ፥ የአገራቸውን ዕቃ ቤት መጻሕፍት በፊልም ብርሃን ሲያነቡ ኖሩ። በሰኔ 2013 ዓ.ም. በ90 ዓመታቸው ዐረፉ።

የሥራቸውን ጠባይ በአንድ ምሳሌ እናሳይ። ከሐይቅ እስጢፋኖስ የተነሣ አንድ ጥንታዊ የድርሳናት መጽሐፍ አለ። ፈጥኖ የሚመዘግብ ሰው ‹ድርሳን› ብሎ ያልፈዋል። እርሳቸው ግን እያንዳንዱን ድርሳን በየራሱ፥ ከነደራሲው ስም ለይተው ቈጠሩ፤ ከመካከላቸውም ሉልያኖስ የተባለ የአክሱም ጳጳስ ስለ ቅዱሳን አባቶች የደረሰውን አግኝተው እ.ኤ.አ. በ1985 አሳተሙት። የአክሱም ጳጳስ ቃል ያን ያህል ዘመን በአንድ ማኅደር ውስጥ ሳይጠፋም ሳይታወቅም ተቀምጦ ነበር።

ይህን ስናነብ ፊታችን ቀላ። በ1992 ዓ.ም. ከቢቸና ወደ ሞጣ ባለው አገር የሚገኝ አንድ ደብር የዕቃ ቤቱን መጻሕፍት እንድንመዘግብ አዝዞን ነበር። ቄሰ ገበዙ አንድ አንዱን ከማኅደሩ እያወጡ ያቀብሉናል፥ እኛም የመጀመሪያውን ገጽ እያየን እንጽፋለን። በሁለት ቀን ስለ ጨረስን ተመሰገንን። ከተራዎቹ አንዱ ‹ድርሳን፥ የብራና፥ አሮጌ፥ 1› ይላል። ከጥቂት ዓመት በኋላ ያ መጽሐፍ ጠፋ። ቈይቶም እርሱን የሚመስል በአንድ ነጋዴ እጅ ታየ ተብሎ ሽማግሌዎች ሄደው ቢከሱ፥ ምልክቱ ምንድን ነው? ስንት ቅጠል ነው? በምን ይጀምራል፥ በምንስ ይፈጸማል? ተባሉ። በእጃቸው ያለው የእኛ አንድ መስመር ብቻ ነበረ። አሮጌ የብራና ድርሳን በጎጃም ስንት አለ! መጽሐፉ አልተመለሰም። የሰረቀው ሌላ ሰው ነው፤ እንዳይመለስ ያደረግነው ግን እኛ ነን።

አንዳንድ አባቶች፥ መጻሕፍትን ዘርዝሮ መጻፍ ለሌባ መንገድ ማሳየት ነው ይላሉ። ፍርሃታቸው ከንቱ አይደለም፤ መጽሐፍ ልናይ ነው ብለው ገብተው ይዘው የወጡ እንዳሉ እኛም ሰምተናል። ነገር ግን ሌባው ያለ ዝርዝር ገብቶ ሲወስድ አይተናል፤ ባለቤቱ ያለ ዝርዝር ሲያስመልስ ግን አላየንም። ደግሞም የጎጃም መጻሕፍት ፈጽመው አልተሰወሩም፤ የዩኔስኮ የማይክሮፊልም ቡድን በአዲስ አበባና በጎጃም ያነሣቸው መጻሕፍት ዝርዝር እ.ኤ.አ. በ1970 በአዲስ አበባ ታትሟል። በዚያ ያለ መጽሐፍ ቢሰረቅ እንኳ የእኛ ነው የሚያሰኝ ምስክር አለው።

ስለዚህ በየደብሩ የምትገኙ ካህናት ወንድሞቻችን፥ ስትመዘግቡ መጽሐፉን እስከ መጨረሻው ቅጠል ግለጡ። የሚጀምርበትንና የሚፈጸምበትን ቃል፥ የቅጠሉን ቍጥር፥ ቁመቱንና ወርዱን፥ ገጹ በስንት ዓምድ እንደ ተጻፈ፥ ያጻፈውንና የጻፈውን ስም ጻፉ። ስሙ ተፍቆ በላዩ ሌላ ስም ተጽፎ እንደ ሆነ ይህንኑ ተናገሩ፤ ያለ አሳብ አታስተካክሉት። በኅዳግ ያለውን የርስትና የስጦታ ጽሑፍ አትናቁ፤ ብዙ ጊዜ የደብሩ ታሪክ የሚገኘው በዚያ ነው። ገበታው የተሰነጠቀ፥ ቅጠሉ የተቃጠለ፥ አይጥ የበላው ቢሆን ነውር መስሏችሁ አትደብቁ፤ ሌባ ሊፍቀው የማይችል ምልክት እርሱ ነውና። መዝገቡም በሁለት ይጻፍ፤ አንዱ በደብሩ፥ ሁለተኛው በሀገረ ስብከቱ ይቀመጥ።

እኛም ባለፈው ዓመት የደብሩን ሽማግሌዎች ፈቃድ ጠይቀን ያንን መዝገብ እንደ ገና ከመጀመሪያው ጀመርን። አሁን በቀን ከሁለት መጽሐፍ አንበልጥም። በጠፋው ድርሳን ተራ ስንደርስ፥ በልጅነታቸው ያነበቡትን አንድ ሽማግሌ መሪጌታ ጠየቅን፤ መጽሐፉ ሁለት ዓምድ እንደ ነበረ፥ በመጨረሻውም ሰም የፈሰሰበት ቅጠል እንደ ነበረ ነገሩን፤ ይህንኑ ጽፈን የቀረውን ስፍራ ባዶ ተውነው።