ቀሰሙ ይዙር ወይስ ይቁም? ስለ ሁለት ዓይነት የዓሣ ማጥመጃ ሪሎች

ዘንግና ሪል (ክር የሚጠቀልለውን መሣሪያ) ገዝቶ ዓሣ ማጥመድ የሚፈልግ ሰው ገና ከመነሻው አንድ ምርጫ ይገጥመዋል፤ ስፒኒንግ ሪል ይያዝ ወይስ ቤይትካስተር? ክርክሩ የጦፈው አሜሪካ ውስጥ፣ ባስ የተባለውን አዳኝ ዓሣ በሚያሳድዱ ሰዎች መካከል ነው። ባስ የሰሜን አሜሪካ ተወላጅ ሲሆን በሰው እጅ ተወስዶ ኬንያ ናይቫሻ ሐይቅ ድረስ ገብቷል። እኛ ጫሞ ላይ ናይል ፐርች፣ ጣና ላይ ዓሣ በል የሆኑ የቢልጫ ዘመዶች አሉን። ዓሣው ቢለያይም ሪሉ ያው ነውና ምርጫው እኛንም ይመለከታል።

ጉለሌ ውስጥ ሆኖ ስለ ዓሣ ማውራት ለአንዳንዱ ያስቅ ይሆናል። ከእንጦጦ ተነስተው በሠፈራችን የሚወርዱት ወንዞች ዛሬ ዘንግ የሚወረወርባቸው አይደሉም። ሪሉን ለማስረዳት ግን ከጉለሌ የተሻለ ቦታ አላውቅም፤ ምክንያቱን አሁን ታዩታላችሁ።

የቆመ ቀሰም፣ የሚዞር ቀሰም

እዚሁ ጉለሌ፣ ሽሮ ሜዳ ሸማኔ ቤት ገብቶ የሚያውቅ ሰው የነገሩን ግማሽ ያውቃል። ማጉ የተደወረበት ቀሰም በመወርወሪያው ሆድ ውስጥ ይቀመጣል። መወርወሪያው በድሩ መካከል ሲሾልክ ቀሰሙ እየዞረ ማጉን ይለቃል። ቤይትካስተርም የሚሠራው እንዲሁ ነው። ዓሣውን የሚያታልለው ማባበያ ወደ ፊት ሲበር ክሩን ይጎትታል፣ ክሩም ቀሰሙን ያዞረዋል። ቀሰሙ በዘንጉ ላይ አግድም ስለተኛ ክሩ ሳይጠማዘዝ ቀጥ ብሎ ይወጣል፣ ቀጥ ብሎም ይመለሳል።

ስፒኒንግ ላይ ቀሰሙ በውርወራ ጊዜ ንቅንቅ አይልም። አፉን ወደ ዘንጉ ጫፍ አድርጎ ይቆማል፤ ክሩ በከንፈሩ ላይ እየተንሸራተተ፣ ጥምዝምዝ እየሠራ ይወጣል። ክሩን መልሳችሁ ስትጠቀልሉም ቀሰሙን የሚዞረው ከፊቱ ያለው የሽቦ ቅስት ነው።

ይህን የቆመ ቀሰም ለሪል ያመጣው ሰው ዓሣ አጥማጅ ብቻ አልነበረም። አልፍሬድ ኢሊንግዎርዝ የሱፍ ፋብሪካዎች ከተማ በሆነችው በእንግሊዟ ብራድፎርድ የጨርቃ ጨርቅ ሰው ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1905 የፈጠራ መብቱን አስመዘገበ። ሐሳቡን ያገኘው ፋብሪካ ውስጥ ፈትሉ ከማይዞር ቀሰም ጫፍ እየተንሸራተተ ሲወጣ አይቶ ነው ይባላል። የሚዞረው ሪል ግን በዕድሜ ይበልጣል። የቤይትካስተር አባት የሚባለውን በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የሠራው የኬንታኪው ጆርጅ ስናይደር ሲሆን ሙያው ሰዓት ሠሪነት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1952 አምባሳደር የተባለውን ዝነኛ ቤይትካስተር ያወጣው የስዊድኑ አቡ ኩባንያም ከሪል በፊት የታክሲ ሜትር ይሠራ ነበር። አንዱ ከፈትል ቤት፣ ሌላው ከሰዓት ቤት መውጣታቸው በጠባያቸው ይታያል፤ ቤይትካስተር እስኪስተካከል ድረስ ትዕግሥት ይፈልጋል።

ክሩ ለምን ይተበተባል?

ቤይትካስተርን የሚያስፈራው አንድ ነገር ነው። ጀማሪ ወርውሮ ዓይኑን ሳይነቅል ክሩ ቀሰሙ ላይ አብጦ፣ ተወሳስቦ፣ በመቀስ ካልሆነ የማይፈታ ይሆናል። ምክንያቱን ካወቃችሁት መድኃኒቱም አብሮ ይመጣል።

ስትወረውሩ ማባበያው በቅጽበት ይፈጥናል፤ ቀሰሙም አብሮት ይፈጥናል። ማባበያው ከእጃችሁ ርቆ መብረር ሲጀምር አየር ይገታዋል፤ እየዘገየ ይሄዳል። ቀሰሙን ግን የሚገታው የለም፤ አንዴ ዞሯልና መዞሩን ይቀጥላል። እንበልና ማባበያው በሰከንድ 15 ሜትር ክር ይፈልጋል፣ ቀሰሙ ግን 18 ሜትር ይለቃል። ትርፉ 3 ሜትር መሄጃ የለውም፤ እዚያው ተነፍቶ የኋላው ክር ይይዘዋል። የፊዚክስ ተማሪዎቼ እዚህ ላይ የኒውተንን ስም ያነሣሉ፤ ልክ ናቸው።

ከዚህ ሦስት ነገር ይከተላል። አንደኛ፣ ነፋስ ፊት ለፊት ሲመጣ ችግሩ ይብሳል፤ ማባበያው ቶሎ ይዘገያልና። የስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ከሰዓት በኋላ ነፋሻማ መሆናቸውን የሄደ ያውቃል። ሁለተኛ፣ ማባበያው በጣም ቀላል ከሆነ ቀሰሙን አስነስቶ ለማዞር አቅም ያጣል፤ እናንተም ለማካካስ በኃይል ትሰነዝራላችሁ፤ ውጤቱ ያው ትብትብ ነው። ሦስተኛው ብዙ ሰው የሚረሳው ነው፤ ማባበያው ውሃ ሲነካ ድንገት ይቆማል። በዚያች ቅጽበት አውራ ጣታችሁ ቀሰሙ ላይ ካልተጫነ እስካሁን ያማረው ውርወራ መጨረሻው ላይ ይበላሻል።

ፍሬኖቹ

ዋናው ፍሬን አውራ ጣት ነው። ሌሎቹ ረዳቶቹ ናቸው። ከእጀታው በኩል ያለችው ትንሽ ክብ ማጥበቂያ የቀሰሙን ዘንግ ከጎን ታጠብቃለች ወይም ታላላለች። በተቃራኒው ጎን ያለው ደግሞ የውርወራ ፍሬን ነው። በአንዳንዱ ሪል ቀሰሙ ሲፈጥን ወደ ውጭ የሚገፉ ትንንሽ ጫማዎች ግድግዳውን እያሹ ያዘገዩታል። በሌላው ማግኔት ነው፤ የአሉሚኒየሙ ቀሰም በማግኔቱ አጠገብ ሲዞር በውስጡ የሚፈጠረው ኤሌክትሪክ ራሱን መልሶ ይገታዋል፤ ምንም ነገር ሳይነካካ።

አስተካከሉ እንዲህ ነው። ማባበያውን ዘንጉ ጫፍ ላይ አንጠልጥሉ፣ የመልቀቂያውን ቁልፍ ተጫኑ። ማባበያው ዱብ ካለ ማጥበቂያዋን አጥብቁ፤ አልወርድም ካለ አላሉ። ቀስ ብሎ ወርዶ መሬት ሲነካ ቀሰሙ ከግማሽ ዙር ሳያልፍ ከቆመ በቂ ነው። የውርወራ ፍሬኑን መጀመሪያ ከፍ አድርጉ፣ እጃችሁ ሲለምድ በየጥቂቱ ቀንሱ። ማባበያውን በለወጣችሁ ቁጥር ይህ ሁሉ እንደገና ይጀመራል። ልምምዱ ውሃ አይፈልግም፤ ሰፊ ሜዳ፣ የኤሌክትሪክ ሽቦ የሌለበት ሰማይና መንጠቆ የሌለው እርሳስ ይበቃል። ሕፃናት በዙሪያችሁ ካሉ ግን አትወርውሩ፤ እርሳስ ራስ ይፈነክታል።

ስፒኒንግም ጣጣ አለው

ስፒኒንግ እንዲህ ያለ ማስተካከያ አይጠይቅም። ሽቦውን ትከፍታላችሁ፣ ክሩን በሌባ ጣት ይዛችሁ ትወረውራላችሁ፣ ትለቃላችሁ። ግን ክሩን ያጠማዝዛል። በተለይ አንድ ስሕተት ክር ይገድላል፤ ትልቅ ዓሣ፣ ሲጎትት የሚይዘውን ፍሬን (የውርወራውን አይደለም) አልፎ ክር እየወሰደ ሳለ እጀታውን ማዞር። የብዙ ስፒኒንግ ሪል እጀታ አንዴ ሲዞር ሽቦው አምስት ጊዜ ያህል ይዞራል። ክሩ ወደ ውስጥ ካልገባ አምስቱም ዙር ጥምዝምዝ ሆኖ ክሩ ላይ ይቀራል። ስለዚህ ዓሣው ሲሮጥ እጃችሁን ከእጀታው አሳርፉ፤ ሲቆም ዘንጉን አንሡ፣ ዝቅ እያደረጋችሁ ጠቅልሉ።

ከወረወራችሁ በኋላ ሽቦውን በእጃችሁ ዝጉት እንጂ በእጀታው አታስዘጉት። ቀሰሙንም እስከ ከንፈሩ አትሙሉት፤ 2 ሚሊ ሜትር ገደማ ይጉደል። በሁለቱም ሪሎች ዓሣውን የሚይዘው ፍሬን ከክሩ ጉልበት ሲሶ ባይበልጥ ይመረጣል፤ 6 ኪሎ የሚችል ክር ከሆነ በእጅ ሚዛን ስባችሁ 2 ኪሎ ላይ ሲለቅ በቂ ነው።

የትኛው ለየትኛው ውሃ

ቤይትካስተር የባለሙያ፣ ስፒኒንግ የጀማሪ ነው የሚለውን ወሬ አልቀበልም። የሚወስነው የምትወረውሩት ነገር ክብደት ነው። ከ10 ግራም በታች ከሆነ ስፒኒንግ፤ ክርክር የለውም። ከ15 ግራም በላይ ሲሆን ቤይትካስተር ኃይሉን ማሳየት ይጀምራል፤ ወፍራም ክር ይይዛል፣ ማባበያውን ዒላማ እንደሚመታ ከግንድ ሥር ያሳርፋል፣ ከባድ ዓሣ ሲጎትትም ክሩ ቀጥ ብሎ ስለሚገባ ጉልበት አይባክንም። በሁለቱ መካከል ያለው የእጅ ልማድ ጉዳይ ነው።

አሁን ወደ ውሃዎቻችን እንሂድ። ቢሾፍቱ፣ ቆቃ፣ ዝዋይ ለአዲስ አበባ ሰው የቀረቡ ናቸው። ቆሮሶ በአብዛኛው አልጌ በል ስለሆነ ሰው ሠራሽ ማባበያ ብዙም አያሳድድም፤ ትንሽ መንጠቆና ቀላል ማጥመጃ ይፈልጋል። አምባዛ ደግሞ ከታች ተኝቶ የሚጠብቅ ነው፤ ከእርሳስ ጋር የወረደ ምግብ ይበቃዋል። ለሁለቱም ስፒኒንግ። በባሌ ወንዞች ከኬንያ መጥቶ የተለቀቀው ትራውትም የሚጠመደው በጥቂት ግራም ነው፤ እዚያ ቤይትካስተር ይዞ መሄድ ድካም ብቻ ነው።

ጣና ትንሽ ያመራምራል። ከሐይቁ ትላልቅ የቢልጫ ዘመዶች መካከል 8ቱ ዝርያዎች ዓሣ አሳዳጆች ናቸው፤ ለአዳኝ ዓሣ አጥማጅ ይህ ብርቅ ሀብት ነው። ከ7 እስከ 15 ግራም የሚመዝን የሚያብረቀርቅ ብረት በስፒኒንግ መወርወር ይመቻቸዋል። ነገር ግን በክረምትና በክረምት መውጫ ለመራባት ወደ ጉማራና ርብ ወንዞች ሲወጡ በወንዞቹ አፍ ላይ መጠበቅ የዘር ማጥፋት ያህል ነው፤ ሪሉ ያኔ ቤት ይቀመጥ።

የሚዞረው ቀሰም ቦታውን የሚያገኘው ጫሞ ላይ ነው። ለሽሮ ሜዳ ልጆች ጫሞ ባዕድ አገር አይደለም፤ የብዙዎቹ ሸማኔዎች ወላጆች የመጡት ከዶርዜና ከጨንቻ ነው፣ ከዚያ ከፍታ ላይ አባያና ጫሞ ቁልቁል ይታያሉ። ናይል ፐርች እስከ 200 ኪሎ ሊደርስ የሚችል ዓሣ ነው። በዘንግና በሪል ተይዞ በክብረ ወሰንነት የተመዘገበው፣ እ.ኤ.አ. በ2000 ግብጽ ናስር ሐይቅ ላይ የወጣው፣ 104 ኪሎ ገደማ ይመዝን ነበር። ጫሞ ላይ በመረብ ብዛት ትልልቆቹ ተመናምነዋል፤ ቢሆንም መካከለኛው እንኳ ቀጭን ክር አይምርም። 50 ግራምና ከዚያ በላይ የሚመዝን ማባበያ፣ ወፍራም የተጎነጎነ ክርና ጠንካራ ቤይትካስተር እዚህ ይስማማሉ። ከዳር ሆኖ መወርወር ግን አይታሰብም። የጫሞ አዞና ጉማሬ ቀልድ አያውቁም፤ ጀልባና አገሩን የሚያውቅ ቀዛፊ ያስፈልጋል፣ የአካባቢውን ፈቃድም አስቀድሞ መጠየቅ ይገባል።

ስለዚህ አንድ ሪል ብቻ የምትገዙ ከሆነ ስፒኒንግ ግዙ። ቤይትካስተር ሁለተኛ ይሁን፤ እሱም ደጋግማችሁ ጫሞ የምትወርዱ ከሆነ ነው። አንድ ጊዜ ለመሞከር ከሆነ ትልቅ ስፒኒንግም ናይል ፐርች ያወጣል።

ከውጭ ለሚያመጣላችሁ ሰው

ጥሩ ሪል እዚህ አገር በአብዛኛው የሚገባው በዘመድ ሻንጣ ነው። ዘመድ ዓሣ ካላጠመደ በስተቀር «ሪል አምጣልኝ» ማለት ብቻውን አይበቃም። ለስፒኒንግ 2500 ወይም 3000 የሚል መጠን ጻፉለት፤ ለቢሾፍቱም ለጣናም ይሆናል። ዘንጉም አብሮ ይመረጥ። ስፒኒንግ ከዘንጉ በታች ተንጠልጥሎ ነው የሚሠራው፣ የመጀመሪያው የክር ቀለበትም ሰፊ ነው። ቤይትካስተር ከላይ ይቀመጣል፣ ቀለበቶቹ ትንንሽ ናቸው፣ መያዣውም ለጣት የሚሆን ቀንድ አለው። አንዱን በሌላው ዘንግ ላይ ማሰር ሁለቱንም ያበላሻል።

ያገለገለ ዕቃ ከሆነ እጀታውን ወደ ኋላ ይሞክረው፤ ከዞረ ይተወው። ክሩን በእጁ ስቦ ፍሬኑ ሳይንገራገጭ መልቀቁን ይይ። የስፒኒንግ እጀታ ተነቅሎ ወደ ግራም ወደ ቀኝም ይገጠማል፤ የቤይትካስተር ግን ከፋብሪካው ያለቀ ነውና «የግራ እጀታ» ወይም «የቀኝ እጀታ» ብላችሁ ለይታችሁ ንገሩት። ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊትም ፎቶ ይላክላችሁ፤ እጀታው በየት በኩል እንዳለ እዚያው ይታያል።